ዓሣ ነባሪ ለምን ወደ የብስ ይወጣል? የወሎ አንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

አሸዋ ላይ ተዘርግተው የሚያጣጥሩ ዓሣ ነባሪዎችን የሚያሳይ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ከወሎ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ተመሳሳዮቹን አጣምረን ለስድስቱ እንመልሳለን። ከታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የዘጠኝ ዓመት ልጄ ቪዲዮውን አይታ ‹አባዬ፣ ለምንድን ነው ራሳቸውን የሚገድሉት?› አለችኝ። እኔም እንደዚያ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?» አንድ አባት፣ ከደሴ

እውነት አይደለም። የብስ ላይ የቀረ ዓሣ ነባሪ ጅራቱን ያማታል፣ ይጮኻል፣ ውሃ በነካው ቁጥር ለመዋኘት ይታገላል። ሞትን የፈለገ እንስሳ እንዲህ አይሆንም። ለልጅዎ «መንገድ ስተው ነው፤ አንዳንዶቹም ታመው ነው» ቢሏት ከእውነቱ አይርቁም።

ብቻውን የወጣውንና በመንጋ የወጣውን ግን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ብቻውን የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የታመመ፣ ያረጀ፣ መርከብ የገጨው፣ የዓሣ መረብ የተጠመጠመበት ወይም እናቱን ያጣ ግልገል ነው። ብዙዎቹም ባሕር ላይ ከሞቱ በኋላ ነፋስና ሞገድ ገፍቶ ያወጣቸው ናቸው። በማርች 2019 ፊሊፒንስ ዳርቻ የተገኘ አንድ ዓሣ ነባሪ ሆዱ ሲከፈት 40 ኪሎ ፕላስቲክ ወጥቶለታል፤ ከፕላስቲኩም መካከል 16 የሩዝ ጆንያዎች ነበሩበት። እንዲህ ዓይነቱን ምክንያት ለማግኘት አስከሬኑን መክፈት ይበቃል። አስቸጋሪው መንጋው ነው፤ ምክንያቱም በመንጋ ከወጡት ብዙዎቹ ሲመረመሩ ጤነኞች ሆነው ይገኛሉ።

ለመንጋው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቦታው ነው። ጥርስ ያላቸው ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች በጨለማ ውሃ ውስጥ የሚመሩት በድምፅ ነው። አጭርና ስል ድምፅ ይለቅቃሉ፤ ድምፁ ከዓሣ ወይም ከቋጥኝ ተላትሞ ሲመለስ ነገሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃሉ። እርስዎ ደሴ ሆነው ወደ ጦሳ ገደል ቢጣሩ የገደል ማሚቶ ይመልስልዎታል፤ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ቢጣሩ ግን ድምፅዎ ሄዶ ይቀራል። ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ አሸዋማ ዳርቻም ለዓሣ ነባሪ እንደ ሜዳው ነው። ድምፁን በትኖ ያስቀረዋል፤ ፊት ለፊቱ የብስ እንዳለ አይነግረውም። በዚያ ላይ ባሕር በአብዛኛው ዳርቻ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙላቱ ዓሣ አሳድዶ የገባ መንጋ በጉድለቱ ሆዱ አሸዋ ላይ ይቀመጣል።

ለዚህ ነው አንዳንድ ቦታዎች እየደጋገሙ የሚይዙት። በኒውዚላንድ የደቡብ ደሴት ጫፍ ላይ ፌርዌል ስፒት የሚባል፣ እንደ ማጭድ የታጠፈና 26 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የአሸዋ ምላስ አለ፤ በፌብሩዋሪ 2017 በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ600 በላይ ፓይለት ዌል የተባሉ ዓሣ ነባሪዎች እዚያ ወጥተዋል። በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ደሴት ማኳሪ የሚባል፣ አፉ ጠባብ ውስጡም በአሸዋ ደለል የተሞላ ወሽመጥ አለ። በሴፕቴምበር 2020 ወደ 470 የሚጠጉ ፓይለት ዌሎች ገብተውበት 380 ያህሉ አለቁ። ልክ በሁለተኛው ዓመት፣ በዚያው በሴፕቴምበር 21 ቀን፣ ሌሎች 230 ያህል እዚያው አጠገብ ወጡ። እንስሳቱ ሌሎች ነበሩ፤ ወጥመዱ ግን ያው ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው አብሮነታቸው ነው። ፓይለት ዌሎች በመንጋ የሚኖሩ፣ አንዱ ሲጨነቅ ሌላው የማይለየው እንስሳት ናቸው። የፊተኛዋ በግ ገደል ስትገባ የኋላዎቹ እንደሚከተሏት ሁሉ፣ የታመመ ወይም ምጥ የያዛት አንዲት ዓሣ ነባሪ ወደ ጥልቀት የለሽ ውሃ ስትገባ መንጋው ይከተላታል። በጁላይ 2023 በስኮትላንድ ሉዊስ ደሴት 55 ፓይለት ዌሎች ሲወጡ አንዷ በወሊድ የተጎዳች ሆና ተገኝታለች፤ መንጋው እሷን ተከትሎ መውጣቱ በጣም ይጠረጠራል። ይህ ግን «ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ሞተ» ተብሎ እንደሚተረከው ቀላል አይደለም። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ በወጡ መንጋዎች ላይ የዘር ምርመራ ሲደረግ በአንድ ዳርቻ ላይ የብዙ እናቶች ዘር ተቀላቅሎ ተገኝቷል፤ ግልገሎችም ብዙ ጊዜ ከእናቶቻቸው ርቀው ወድቀዋል፤ የአንዳንዶቹም እናት ከወጡት መካከል አልነበረችም። ከመውጣታቸው በፊት መንጋው ተበታትኖ፣ እርስ በርስ ተጠፋፍቶ ነበር ማለት ነው።

በሰው የሚመጣ ምክንያትም አለ፤ ይህን ሳንሸፋፍን መናገር ይገባናል። የጦር መርከቦች ባሕር ሰርጓጅ ለመፈለግ ሶናር የሚባል ኃይለኛ ድምፅ ይለቅቃሉ። በማርች 2000 ባሃማስ ላይ 17 ያህል ዓሣ ነባሪዎች ሲወጡ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ራሱ በምርመራው ሶናሩን ምክንያት አድርጎ ተቀብሏል። በሴፕቴምበር 2002 በስፔን ካናሪ ደሴቶች የጦር ልምምድ በተጀመረ በሰዓታት ውስጥ አፋቸው እንደ ምንቃር የሾለ 14 ዓሣ ነባሪዎች ወጥተዋል። እነዚህ እንስሳት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ የሚጠልቁ ናቸው። ድምፁ አስደንግጧቸው ልማዳቸውን ጥሰው ሲወጡ ሲገቡ ደማቸው ውስጥ የሟሟው ጋዝ አረፋ ይሆናል፤ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ድንገት ሲከፈት የሚሆነው ማለት ነው። አረፋው ጉበትና አንጎል ውስጥ ተገኝቷል። ስፔን በ2004 በአካባቢው ሶናር ከለከለች፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት እንዲህ ያለ የጅምላ መውጣት በደሴቶቹ አልታየም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማን ይፈልጋል?

ሌላው ከሰማይ የሚመጣ ነው። በ2016 መጀመሪያ ላይ ወደ 30 የሚጠጉ ስፐርም የተባሉ ወንድ ዓሣ ነባሪዎች በሰሜን ባሕር ዳርቻዎች ወጥተዋል። ጥልቅ ባሕር የለመዱ ሆነው ሳለ 50 ሜትር እንኳ ወደማይሞላ ውሃ ገብተው ነበር። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከፀሐይ የተነሣ ኃይለኛ ማዕበል የምድርን መግነጢስ አዛብቶ ስለነበር፣ በመግነጢስ የሚመሩ ከሆነ መንገድ ያሳታቸው እሱ ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። መላ ምት ነው፤ የማይናቅ መላ ምት።

ስለዚህ ለሁሉም መውጣት አንድ ምክንያት ብቻ የሚሰጥዎትን ሰው አይመኑ።

«ቆሮሶ ከውሃ ስናወጣው አየር አጥሮት ይሞታል። ዓሣ ነባሪ እንደ ሰው አየር ከተነፈሰ የብስ ላይ ምን ገደለው?» ዓሣ አጥማጅ፣ ከሐይቅ

የገዛ ክብደቱና የገዛ ሙቀቱ።

ውሃ ይሸከመዋል፤ አሸዋ አይሸከመውም። ፓይለት ዌል ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ትልቅ ወንድ ስፐርም ከ40 ቶን ያልፋል። ይህ ሁሉ ክብደት ሳንባውን ይጫነዋል፣ የሥር ጡንቻዎቹንም ደም ይነሣቸዋል። ከብት የሚያረቡ ይህን ያውቁታል፤ በአንድ ጎኗ ተኝታ የዋለች ደካማ ላም ካልገለበጧት እግሯ ይሞትና ብትድን እንኳ መቆም ያቅታታል። ዓሣ ነባሪ ላይ ደግሞ የተጎዳው ጡንቻ ቀይ ንጥረ ነገር ወደ ደም ፈስሶ ኩላሊቱን ይዘጋዋል። ወደ ባሕር ተመልሶ፣ ሰው ሁሉ አጨብጭቦለት፣ ከቀናት በኋላ የሚሞተው በዚህ ነው።

ሙቀቱን ደግሞ ከቆዳው ሥር ያለው ወፍራም ስብ አፍኖ ይይዘዋል። ስቡ ለቀዝቃዛ ባሕር የተሰጠ ጋቢ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲቀር ከውስጥ ይቀቅለዋል። ሦስተኛው ደግሞ ሰው የማይጠብቀው ነው፤ ውሃው ተመልሶ ሲሞላ እንስሳው በጎኑ ወድቆ ከነበረ፣ አናቱ ላይ ባለው መተንፈሻ ቀዳዳ ውሃ ገብቶ ያሰጥመዋል።

«ከብቶችን የሚጨርስ ወረርሽኝ እንዳለ ሁሉ ለእነሱም አለ? አስከሬኑ ቢገኝ ምን ናሙና ይወሰዳል?» የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ

አለ፤ በሽታውም እኛ አገር ከምናውቀው የከብት በሽታ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። አያቶቻችን «ደስታ» ያሉት የከብት ወረርሽኝ በምጽዋ በኩል ገብቶ ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀውን ክፉ ቀን የቀሰቀሰው ነው። የበግና ፍየል ደስታ፣ የሰው ኩፍኝና ዶልፊኖችን የሚፈጀው ቫይረስ ሁሉ ሞርቢሊ ከሚባል አንድ ወገን ናቸው። የከብቱ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ የባሕሩ ግን አለ። ከ2013 እስከ 2015 በአሜሪካ አትላንቲክ ዳርቻ ከ1,600 በላይ ዶልፊኖች ወጥተዋል። ቫይረሱ ሳንባና አንጎል ይመታል፤ አንጎሉ የተመታ እንስሳ አቅጣጫ ይስታል። ውርጃ የሚያስከትለው የብሩሴላ ባክቴሪያም የዶልፊን አንጎል ውስጥ ይገኛል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል።

መርዝም አለ። ከ1987 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ኬፕ ኮድ አካባቢ 14 ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች የሞቱት ማከሬል የተባለ ዓሣ በልተው ነው፤ ዓሣው በጥቃቅን አልጌ የሚሠራ መርዝ ይዞ ነበር።

ናሙናው በተቻለ ፍጥነት፣ በሞቃት አገር በሰዓታት ውስጥ መወሰድ አለበት። መጀመሪያ ርዝመቱ ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራቱ መሐል ስንጥቅ ይለካል፤ ሁለቱም ጎኖች ፎቶ ይነሣሉ። ከሳንባ፣ ከአንጎል፣ ከጣፊያ፣ ከጉበትና ከሊምፍ እጢ ሁለት ሁለት ቁራጭ ይወሰዳል። አንዱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሳይወፍር 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ፎርማሊኑ የሥጋውን አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ወፍሮ የተቆረጠ ቁራጭ መሐሉ ሳይደርሰው ይበሰብሳል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ቁራጭ ያለ መድኃኒት በበረዶ ይቀመጣል። ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና መነጽር የግድ ነው።

«ከኮምቦልቻ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ዳርቻ ላይ በሕይወት ያለ ዶልፊን ባገኝ ምን ላድርግ?» የከባድ መኪና ሹፌር

መጀመሪያ የማያደርጉትን እንንገርዎ። ገፍተው ወደ ባሕር አይመልሱት። የወጣበት ምክንያት ሳይታወቅ የተመለሰ እንስሳ ከጥቂት ርቀት በኋላ ተመልሶ ይወጣል፤ ሁለተኛው መውጣት ከመጀመሪያው የከፋ ነው። በጅራቱ ወይም በክንፉ አይጎትቱት፤ አጥንቱ ይነቀላል። አፉ ውስጥ ውሃም ምግብም አይጨምሩ።

ከዚያ ለባሕር ጠረፍ ጠባቂ ወይም ለአቅራቢያው ፖሊስ ይደውሉ። ቦታውን፣ ብዛቱን፣ ትንፋሹን ይንገሩ። የረጋ ዶልፊን በደቂቃ ከ2 እስከ 5 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ከ10 ካለፈ ክፉኛ ተጨንቋል። ለአንድ ደቂቃ ቆጥረው ብቻ ይናገሩ፤ የሚመጣውን ሐኪም ብዙ ይረዳል።

እስኪመጡ ድረስ የሚሠራው ይህ ነው። በጎኑ ከወደቀ ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ በቀስታ በሆዱ አስተኙት። ከሁለቱ የጎን ክንፎች ሥር አሸዋውን ቆፍሩ፤ ክንፉ ጉድጓዱ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይረፍ፤ ጉድጓዱንም ውሃ ሙሉበት፤ ዶልፊን ሙቀቱን የሚያስወጣው በክንፉና በጅራቱ ነውና። ሽርጥ፣ ነጠላ ወይም አንሶላ በባሕር ውሃ ነክራችሁ ጀርባውን አልብሱት፤ በጀሪካን እያመላለሳችሁ ደጋግማችሁ አርጥቡት። አናቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን አፍንጫው ነው፤ ጨርቅም፣ አሸዋም፣ ውሃም እንዳይነካው አንድ ሰው ለዚያ ብቻ ይቁም። ዘይትና ቅባት አይቀባም፤ ሙቀት ያፍናል። የመኪናውን ሸራ በእንጨት ወጥራችሁ ጥላ ሥሩለት።

እርስዎም ራስዎን ይጠብቁ። የጅራቱ ምት እግር ይሰብራል፤ ከጎኑ ይቁሙ እንጂ ከኋላው አይቁሙ። ትንፋሹ ላይ ፊትዎን አይደግኑ፤ በሽታ ይዞ ይሆናል። እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ያለ ጓንት አይንኩት። ሰው ይራቅ፣ ውሻ ይታሰር፣ ጩኸት ይቁም፤ አብረው ፎቶ የሚነሡትን ያባርሩልን። ድንጋጤ ብቻውን ሊገድለው ይችላል።

የሚመለስ ከሆነ የሚመለሰው ባለሙያው ሲፈቅድ፣ ውሃው ሲሞላ ነው። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ከፍተኛው ሙላት በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን፣ በሂጅራ አቆጣጠር ከወሩ 1ኛውና 15ኛው ቀን ዙሪያ ይመጣል። በጅቡቲ ልዩነቱ ከሁለት ሜትር በላይ ሊሆን ስለሚችል መጠበቁ ያዋጣል፤ ምጽዋ አካባቢ ግን ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ጎልማሳ ዶልፊን ከ150 ኪሎ ሊበልጥ ስለሚችል ሸራውን ከሥሩ አስገብቶ ቢያንስ ስድስት ሰው ይይዘዋል። ወገብ የሚደርስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወዲያው አይለቀቅም፤ ተኝቶ የደነዘዘው ጎኑ ሚዛን እስኪይዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና አድርጎ መደገፍ ያስፈልጋል። ብዙ ከሆኑ አንድ ላይ ይለቀቃሉ፤ አንዱ ቀድሞ ከሄደ የቀሩትን ጥሪ ሰምቶ ይመለሳል። እናት የሌለው ጡት ያልተወ ግልገል አይለቀቅም፤ ብቻውን አይኖርም።

ደግሞ ጅቡቲ አርታ አካባቢ፣ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ፣ ነጠብጣብ ያለው ግዙፍ ሻርክ ይታያል። ስሙ የዓሣ ነባሪ ሻርክ ቢሆንም ዓሣ ነው፤ ከራሱ ኋላ በጎንና በጎን ባሉት ስንጥቆች ውሃ ውስጥ ይተነፍሳል። ጅራቱን ይዩ፤ የዓሣ ጅራት ቀጥ ብሎ ቆሞ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ የዶልፊንና የዓሣ ነባሪ ጅራት ተነጥፎ ላይና ታች ይመታል።

«በሐዲስ 300 ሰዎች ተርበው ሳሉ ባሕር የጣለላቸውን ዐንበር የተባለ ዓሣ ለብዙ ቀናት እንደበሉ ይነገራል። ዛሬ የወጣ ዓሣ ነባሪ ይበላልን?» አንድ ሼኽ፣ ከባቲ

ሼኻችን፣ ሐላልነቱን ለዑለማ እንተዋለን፤ እኛ የምንመልሰው የጤናውን ነው። ዐንበር ስፐርም የተባለው ዓሣ ነባሪ ስም ነው፤ ከአንጀቱ የሚወጣው ሽቶም በዚያው ስም ይጠራል። የግዕዙ ዐንበሪ፣ ዮናስን ዋጠ የምንለው ዓሣ አንበሪም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።

ዛሬ ግን አይብሉ። ስቡ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዘው ቆዳው ደህና መስሎ ሳለ ውስጡ በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል። መቼ እንደሞተ የሚያውቅ የለም። በ2002 በምዕራብ አላስካ የወጣ ዓሣ ነባሪ ጅራት የበሉ ስምንት ሰዎች ቦቱሊዝም በሚባል ሽባ በሚያደርግ መርዝ ታመዋል። ሥጋው ሜርኩሪም ያከማቻል። ከሥቃይ ለመገላገል በመርፌ የተገደለ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ የበላውን ውሻና አሞራ ይገድላል።

የተነፋ አስከሬን አጠገብ መቆምም አደጋ አለው። በጃንዋሪ 2004 ታይዋን ታይናን ከተማ ውስጥ በመኪና ይጓጓዝ የነበረ የ50 ቶን ያህል ስፐርም ሆዱ ፈንድቶ መንገዱንና ሱቆቹን በደምና በአንጀት ሸፍኗል።

«ኬንያ ውስጥ ከባሕር ርቆ የዓሣ ነባሪ አጥንት ተገኘ ሲባል ሰማሁ። እንዴት ሊሆን ይችላል? ወሎስ ይገኛል?» ተማሪ፣ ከወልድያ

ልክ ነው። ቱርካና ውስጥ ከሕንድ ውቅያኖስ 740 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በ620 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የ17 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የሾለ አፍ ያለው ዓሣ ነባሪ ቅል በ1964 ተገኝቷል። ኋላ ቅሉ ለዓመታት ጠፍቶ በ2011 እንደገና ተገኘ፤ ጥናቱም በ2015 ወጣ። እንስሳው መንገድ ስቶ ከባሕር በትልቅ ወንዝ ሽቅብ ዋኝቶ ገብቶ እዚያ የቀረ ነው። ወንዝ ላይ ፏፏቴ ወይም ቁልቁለት ቢኖር አይገባም ነበርና፣ ቦታው ያን ጊዜ ከባሕር ወለል ከ24 እስከ 37 ሜትር ብቻ ከፍ ይል እንደነበር ተሰልቷል። የምሥራቅ አፍሪካ ምድር ስንት እንደተነሣና መቼ መነሣት እንደጀመረ ለማስላት ይህ አንድ የጠፋ እንስሳ መለኪያ ሆኗል።

በወሎ ደጋ ግን አትፈልጉ። ከእግራችሁ በታች ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ጎርፍ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው፤ አጥንት አያስቀምጥም። ባሕር የነበረው ወደ ምሥራቅ ወርዳችሁ ነው። ቀይ ባሕር ወደ ዳናክል ዝቅታ ገብቶ ነበር፤ የመጨረሻው ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ሲደርቅ ጨው ትቶ ሄዷል። በዝቅታው ዳርና ዳር ዛሬም የደረቀ የባሕር ኮራል ቆሞ ይታያል።